«ወፈርሽ!» ሙገሳ የነበረ ጊዜ

ባለፈው የገና በዓል ፈረንሳይ ለጋሲዮን አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አክስቴ ከወንበሯ ተነሣች፤ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ውይ የኔ ልጅ፣ ወፈርሽልኝ እኮ! ተመስገን!» አለች። ሳሎን ቁጭ ብላ ቡናዋን ያለ ስኳር የምትጠጣው ልጇ (ልብ በሉ፣ ያለ ስኳር) «እማዬ! ሰው እንደዚህ አይባልም!» ብላ ጮኸች። አክስቴ ግራ ገባት። «ምን አልኳት? መረቅኋት እንጂ ሰደብኳት?»

እኔስ? እውነቱን ልናገርና፣ ሁለቱንም ሰማሁ። በምርቃቱ ደስ አለኝ፤ በስድቡም አመመኝ። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ሁለተኛውን ጉርሻ «በቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ብዬ መለስኩ። በልቼ አልመጣሁም። ቁርስም አልቀመስኩም ነበር።

አንድ ቃል በአንድ ሳሎን ውስጥ፣ በእናትና በልጅ መካከል፣ እንዲህ ለሁለት የተሰነጠቀው መቼ ነው? ጥያቄው ይዞኝ ከረመ። መልሱን ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ከአክስቴ ደጃፍ ቀና ሲሉ እንጦጦ ይታያል።

ከግብሩ እንጀምር። በፈረንጆች አቆጣጠር 1887 ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ ከተማቸውም ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ጣይቱ ብጡል ለቀናት የዘለቀ ግብር አበሉ። ጄምስ ማካን የተባሉት አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። ነገሩ ድግስ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያሉ፤ ምግቡ ራሱ ፖለቲካ ነበር። ማን ያበላል፣ ማን ይበላል፣ ማን የት ይቀመጣል፣ ለማን የትኛው ብልት ይደርሰዋል… መንግሥት ማለት ያኔ ይኼ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያችው ማርያም ነው።

የእቴጌይቱን ፎቶግራፍ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሙሉ ፊት፣ ደልዳላ ትከሻ፣ በሸማና በካባ የተሸፈነ ግርማ። የዚያን ዘመን ወይዛዝርት ከቤት ሲወጡ ተከናንበው፣ ጥላ ተይዞላቸው ነው። ፀሐይ ፊታቸውን እንዳያገኘው ነዋ! ዛሬ እቴጌ ጣይቱ መገናኛ አካባቢ ካሉት ጂሞች ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ አሠልጣኙ ትሬድሚል ላይ አውጥቶ ሊያውላቸው ይሞክር ይሆናል። (ማን እንደሚያሸንፍ ግን ዓድዋ ላይ ታይቷል።)

ሙላቱ ምን ይናገር ነበር? ይቺ ሴት አትፈጭም፣ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም ይላል። ያንን ሁሉ ግብር ያቆሙት ፈጪዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጠጅ ጣዮች፣ ውኃ ቀጂዎች ግን ፎቶግራፍ የላቸውም። ምን ይመስሉ እንደነበር የሚነግረን ሥዕል ብናጣም ቋንቋችን ይነግረናል። አማርኛ ውስጥ ተለያይተው የማያውቁ ሁለት ግሦች አሉ፤ ከሳና ጠቆረ። «ምነው ከሳሽ ጠቆርሽ?» ይባላል። መክሳትና መጥቆር በምን ተገናኙ? በሥራ ነው የተገናኙት። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ይጠቁራል፤ እየሠራ ያልበላ ሰው ይከሳል። «ወፈርሽ፣ ቀላሽ» ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ጥላ ሥር ዋልሽ፣ በልተሽ አደርሽ ማለት ነው። ስለዚህ አክስቴ ጉንጬን ይዛ ስትመርቀኝ ስለ መልኬ አልነበረም የምታወራው፤ ስለ ኑሮዬ ነበር። የቆዳ ማንጫ ቅባት የሚሸጡልን ሰዎችም ከዚሁ ከአሮጌው መዝገብ ነው ያነበቡት፤ ግማሹን ብቻ ቀደው ወሰዱ እንጂ። ቀይነቱን አስቀርተው ውፍረቱን ጣሉት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ድሮ ወፍራም ነበር የሚወደደው፣ ቅጥነትን ፈረንጅ አመጣብን» ብሎ መደምደም ስንፍና ነው። ሸንቃጣ የሚለው ቃል የትናንት አይደለም። መቃ አንገት፣ ባለ ሽንጥ፣ ተረከዘ ሎሚ… አያቶቻችንም ሴትን ከአናቷ እስከ ተረከዟ እየቆራረጡ ይለኩ ነበር። ለዚያ ልኬትም ሴቲቱ ትከፍል ነበር። አክስቴ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላት፤ ድዷንም ተነቅሳለች። በመርፌና በጥላሸት ነው የሚነቀሰው። «አላመመሽም?» ብዬ ጠይቄያት «ያማል እንጂ! ታዲያ ቆንጆ መሆን በነጻ ነው?» ብላኛለች። ይህን የምትለው ሴት ልጇ ቡና ያለ ስኳር በመጠጣቷ «ራሷን ልትገድል ነው» እያለች ታማርራለች። (ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ።)

አሁን ከግብሩ ወደ እንጨቱ እንውረድ። ከተማይቱ ከእንጦጦ ወርዳ ፍል ውኃ አጠገብ አዲስ አበባ ከሆነች በኋላ ዙሪያዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመንጥሮ አለቀ። በፈረንጆቹ 1900 አካባቢ ምኒልክ በማገዶ እጥረት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው እንደነበር ይታወቃል። ከተማይቱን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተተከለና እንጦጦን አለበሰው። ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው፣ ዛፉ በራሱ እግር ወደ ከተማ እንደማይወርድ ነው። ጀርባ ያስፈልገዋል። ጀርባው የሴት ሆነ።

ከኮተቤ በላይ፣ ከየካ በላይ፣ ከፈረንሳይ በላይ ካለው ጫካ እስከ ቀበናና ሾላ ድረስ የወረዱ እንጨትና ቅጠል ተሸካሚ ሴቶችን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ወገባቸው ከመታጠፉ የተነሣ መንገዱን እንጂ ሰማዩን አያዩም። ሸክሙ ከ30 ኪሎ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዳንዷ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ትሸከማለች። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ስለነዚህ ሴቶች ጥናት አሳትሟል። ከሸክሙ ሌላ የጫካ ጠባቂው ነበር፤ እንጨቱን ይነጥቃል፣ ይመታል፣ ከዚያ የከፋም ያደርጋል። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሸማ ወደ መሥራት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም አልገቡም፤ ዛሬም ማለዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ጥቂቶቹን መንገድ ላይ ያገኛል።

እንግዲህ እነዚህ ሴቶች በቀን ከማናችንም በላይ ይራመዳሉ፣ ከማናችንም በላይ ክብደት ያነሣሉ፣ ከማናችንም ያነሰ ይበላሉ። ዛሬ ጂም ውስጥ በወር ክፍያ የምንገዛው ሕይወት በሙሉ አላቸው። አንድም ቀን ግን «ስሊም ናት» ብሎ ያደነቃቸው ሰው አልሰማሁም። «የጎዳቻት» ነው የሚባለው። በወገብና በወገብ መካከል ያለው ልዩነት ሴንቲሜትር አይደለም ማለት ነው። ቅጥነት ውበት የሚሆነው ቀጥና የምትታየዋ ሴት መብላት እንደምትችል ሲታወቅ ብቻ ነው።

1966 እና 1977ን ባጭሩ ልለፋቸው፤ ብዙ ተብሎባቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ የኢትዮጵያዊ ገላ በዓለም ቴሌቪዥን ፊት የሚታወቀው በአጥንቱ ሆነ። በውጭ አገር ያደጉ ዘመዶቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ «ምግብ አለ እንዴ እናንተ ጋ?» እየተባሉ ነው ያደጉት። ከዚያው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ፣ የተነሣችው ሊያ ከበደ በ1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ፊት ስትሆን፣ በዚያ ቦታ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ኮራንባት፤ መኩራትም ይገባናል። ግን ልብ በሉ፤ ያንኑ ዓመት፣ ያንኑ ቅጥነት ይዛ እዚህ እኛ ሰፈር የምትሄድ ሴት ምን ይባልባት እንደነበር ታስታውሳላችሁ?

«ያዛት» ነበር የሚባለው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በ1990ዎቹ መክሳት ማለት ኤች አይ ቪ ማለት ነበር። ማንም ምርመራ አይጠይቅም፤ ቀሚሷ የሰፋት ሴት ፍርዷን ተቀብላለች። ሚስት ትፈታበታለች፣ ቤት ተከራይ ይባረርበታል፣ የጠላ ሻጯ ደንበኛ ይጠፋበታል። ከሰፈሩ ሐሜት የሸሹና ተስፋ ያጡ ሰዎች በሺዎች ሆነው የወጡት ደግሞ ወዴት ነው? ወደ እንጦጦ። ጸበሉ ዘንድ። እዚያው ጎጆና ክፍል ተከራይተው ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት ከረሙ። የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አንዳንዱ ለጸበሉ ሲል መድኃኒቱን ተወው፤ በዚህም የሞቱ አሉ። በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ።

አክስቴ ያኔ ጓሮዋን ያከራየቻት አንዲት ሴት ነበረች። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ማሰሪያው ደጋግሞ የዞረ መቀነቷን ብቻ ነው። ሰፈሩ «አስወጫት» አለ። አክስቴ አላስወጣችም፤ ግን ሳህኗን ለብቻ ታስቀምጥ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች፤ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም። ሴትየዋ እንጦጦ ወጣች፣ ቆየች፣ መድኃኒትም ጀመረች፣ ተመለሰች። ስትመለስ ጉንጭ አውጥታ ነው። አክስቴ በር ላይ አይታት የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ አስወጣው፤ «ወፈረች! ወፈረች!»

የገናውን «ተመስገን» ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ቃል ለዚያ ትውልድ የሞት ተቃራኒ ነው።

መድኃኒቱም ቢሆን የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚሰጡት አንዱ፣ ስታቩዲን የሚባለው፣ የሰውነትን ስብ ቦታ ያዛባል። ጉንጭ ይጎደጉዳል፣ ክንድና እግር ይቀጥናል፣ ሆድ ይገፋል። ሴቶቹ ከሞት ተርፈው በመልካቸው ተለዩ፤ መንገድ ላይ የሚያውቅ ሰው አይቶ ያውቅባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲቀር የመከረው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለ ውበት ስናወራ እነዚህን ሴቶች የሚያስታውስ የለም። ለእነሱ «መልክ» የቅንጦት ወሬ አልነበረም፤ ቤት የመከራየትና ያለመከራየት ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከተማው በፍጥነት ተለወጠ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጫጭን ናቸው፤ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 8 ብቻ። አዲስ አበባ ግን ሌላ አገር ናት፤ ከመጠን በላይ የሆኑት ወደ 30 ይጠጋሉ። በዚህ ከተማ መወፈር የጥቂቶች ምልክት መሆኑ ቀረ። ቁጭ ብሎ የሚሠራ በዛ፣ ዘይትና ስኳር በዛ፣ የሚራመድ አነሰ። ታዲያ ሁሉም የሚያገኘው ነገር ጌጥ መሆን ይችላል? ጌጡ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። አሁን ጊዜና ገንዘብ እንዳለሽ የሚናገርልሽ የሆድሽ መግባት ነው።

ክብደት የጤና ጉዳይ አይደለም እያልኩ አይደለም። አክስቴ ራሷ ስኳር አለባት፤ ሐኪሙ ቅቤና ጣፋጭ ቀንሺ ብሏት እሷ ሐኪሙን ቀንሳዋለች። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ሚዛኑን ማን ነው የያዘው?

የአክስቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 58 ኪሎ ነበር። ሠርጓ ስድስት ወር ሲቀረው አንድ ጂም ገባች። አሠልጣኙ «50 ብትገቢ ቬሎው ያምርብሻል» አላት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ግን፣ ክብደትን በቁመት ስኩዌር የሚያካፍለው፣ በ58 ኪሎዋ 22 ነው የሚሰጣት፤ ጤነኛ! ሠንጠረዡ ራሱ ለእሷ መስክሮ ሳለ ማንም አላነበበላትም። (በነገራችን ላይ ቀመሩ የተጠነሰሰው በ19ኛው መቶ ዘመን በቤልጅጉ የስታቲስቲክስ ሊቅ በኬትሌ ነው፤ የዛሬውን ስሙን ያወጡለት አንሰል ኪስ የተባሉት አሜሪካዊ በ1972 ሲሆን፣ ያኔ ከሰባት ሺህ በላይ ሰው ተለክቶበታል። ሁሉም ወንዶች!)

እሷም ጀመረች። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ቀን ሰላጣ፣ ማታ ምንም። ሆዷን የምታስርበት ቀበቶ ገዛች፤ አክስቴ አይታው «እኔ ይኼን መቀነት ያሰርኩት አራስ ሆኜ፣ ገንፎና አጥሚት እየበላሁ ነው፤ አንቺ ምን ወልደሽ ነው?» አለቻት። እንጀራ ተወች። አስቂኙ ነገር፣ ያኔ እሷ ለመቅጠን ጤፍ ስትተው በአውሮፓና በአሜሪካ ለመቅጠን ጤፍ የሚገዙ ሴቶች ነበሩ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በባለቤትነት አስመዝግቦት ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ መሸፈኛ አገኘች። 55 ቀን ሙሉ «ለምን አትበዪም?» የሚላት ሰው የለም። ጾም መሆኑ ነው። እናቷ ልጄ መንፈሳዊ ሆነችልኝ ብላ ደስ አላት። ጾም ግን ሰው ራሱን የሚረሳበት ነው፤ እሷ ጠዋትና ማታ ሚዛን ላይ ትወጣ ነበር። ምግብን ትታ ስለ ምግብ ብቻ እያሰበች ከረመች።

በሰባተኛው ሳምንት ቢሮዋ ደረጃ ላይ ወደቀች። ክሊኒክ ወስደው ሲመረምሯት ደም ማነስ። የሥራ ባልደረቦቿ አልጋዋ ዙሪያ ቆመው ምን እንዳሏት ታውቃላችሁ? «ግን እንዴት አምሮብሻል!» ይኼን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ቀጥላ ግን ወር አበባዋ ለአራት ወር ቀርቶባት እንደነበር ነገረችኝ፤ ለእጮኛዋም ለእናቷም አልተናገረችም።

ሠርጉ አለፈ፤ ቬሎው ተመለሰ፤ ኪራይ ነበር። ሚዛኑ ግን መኝታ ቤቷ ውስጥ ቀረ። ትተወው ብዬ አልነገርኳትም። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ቁመናዋ ያማረ» ተብሎ በግልጽ በሚጻፍበት ከተማ ውስጥ ሆኖ ሴትን «ራስሽን ውደጂ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ቅጥሩ ግን ከምክሩ ጋር አይመጣም።

ከጥምቀት በኋላ አብረን እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ ፈረስ፣ ምግብ ቤት፣ ሁሉም አለው። ያ እንጨት የሚሸከሙበት ተራራ ክብደት የሚቀንሱበት ሆኗል። የአክስቴ ልጅ እርምጃዋን በስልኳ እየቆጠረች ወጣች። ስንመለስ፣ ከፓርኩ ውጪ አስፋልቱ ላይ፣ ቅጠል የተሸከመች ሴት ከኋላችን መጣች። ሸክሙ የመንገዱን ግማሽ ይሞላል። ጠርዝ ይዘን አሳለፍናት። ቁልቁለቱን በሩጫ በሚመስል እርምጃ ወረደችው፤ ሸክሙ ነው የሚገፋት።

ታች ስንደርስ ቆሎ ከምትሸጥ ልጅ ቆሎ ገዛን። ለአክስቴ ልጅ እጇ ላይ አፈሰስኩላት። ታክሲው እስኪመጣ እፍኟ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ስትቆጥር አየኋት።